ያላደባለቅኩት ብልቃጥ

የጥሩብርሃን ሀብተማርያም ለቅሶ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ኩራቷ ነው ቆሞ ቀር ያደረጋት፤ ወንድ ሁሉ አነሰባት» ስትል ሰማሁ። የያዝኩትን ንፍሮ አስቀምጬ ወጣሁ። ቁጡ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። ኮልፌ ውስጥ አብደላ ሾፌሩ ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ንዴቴ ነው፤ መንዳቴ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ግን አይጮህም። አጥሩን ተደግፌ ትንሽ ቆየሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ስለዚህ እዚህ እናገራለሁ። አያቷ እማሆይ ወለተጻድቅ የሉም፤ አባቷ ባሻ ሀብተማርያም የሉም፤ አሁን ደግሞ ጥሩብርሃንም የለችም። አፌን የሚይዘኝ ሰው አልቀረም። በሾፌርነት ዘመኔ ሁሉ አንዲት ብልቃጥ አደባልቄ አላውቅም። አደባልቄያለሁ ብዬ ግን በፊርማዬ አረጋግጫለሁ። ለምን እንደፈረምኩ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ አሁን ብቻዬን ቀረሁ።

ነገሩ የተጀመረው በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። አንድ ረጅም ፈረንጅ ዶክተር መጣና ጦር ኃይሎች አጠገብ ሦስት ክፍል ቤት ተከራየ። ዶክተር ይባል እንጂ በሽተኛ አያክምም። ሥራው ከጤነኛ ሰው ክንድ ደም እየቀዳ፣ የደሙን ዓይነት መዝግቦ፣ የአንድ አገር ሰው ከጥንት ጀምሮ እንዴት እንደተዋለደና እንደተዛመደ በሂሳብ ማውጣት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ዘር ቆጣሪ ነው፤ እሱ ግን በደም ነው የሚቆጥረው» እል ነበር። እኔን በላንድሮቨሩ ሾፌርነት ቀጠረኝ፤ ጥሩብርሃንን ደግሞ ሂሳቡን እንድትሠራ።

የእኔ ሥራ መንዳት ብቻ አልነበረም። ደሙ የሚቀመጠው በትንንሽ ብልቃጥ ነው፤ እያንዳንዱ ብልቃጥ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ብልቃጦቹ በረዶ ባለበት ሳጥን ውስጥ በየቀዳዳቸው ይደረደራሉ። ሳጥኑ የእኔ ነበር። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ከራሴ ልጆች ይልቅ ለሱ ነበር የምሳሳው። ሚስቴ «እኛንም አንድ ቀን እንዲህ ቀስ ብለህ ብትወስደን» እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ጥሩብርሃን ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከእኔ ቤት አምስት አጥር አልፎ ነበር። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ከአባቷ ከባሻ ሀብተማርያም ጋር ሁለት ብቻቸውን ይኖራሉ። ባሻ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ቃል የማያበዙ ሰው። አባትና ልጅ ቀኑን ሙሉ ሳይነጋገሩ ይውሉና ሲመሽ ሬዲዮኑን አብረው ያዳምጣሉ። ወንድም የለ፣ እህት የለ፣ በዓል ሲመጣ እንኳ ደጃፋቸው ላይ የሚቆም ሰው ብዙም አላይም ነበር።

ሥራዋን ያየ ሰው ግን አይረሳትም። የሂሳብ መኪናዋ ጥቁር ብረት ናት፤ ቁጥር የሚታይባቸው ትንንሽ መስኮቶች አሏት፤ በቀኝ በኩል እጀታ አላት። ማባዛት ሲያስፈልግ እጀታውን ወደ ፊት፣ ማካፈል ሲያስፈልግ ወደ ኋላ ታዞራለች። የአባት ደም ይኼ፣ የእናት ደም ያ፣ የልጆቹ ደም እንዲህ፤ በዚህ አጥቢያ ይኼኛው ደም ስንት እጅ ነው፣ በወዲያኛው ስንት፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል ተጋብተዋል። ይኼን ሁሉ በእጀታ ታወጣለች። ከዚያ ቁጥሩን ካርድ ላይ እየበሳች ታስገባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርዶቹን በጫማ ካርቶን ሞልተን መሀል ከተማ ኮምፒዩተር ወዳለበት መሥሪያ ቤት እወስዳታለሁ። ኮምፒዩተሩ ያኔ አንድ ክፍል የሚሞላ ነበር። ካርዱን ይውጥና ውጤቱን በረጅም ወረቀት ላይ እያተመ ያወጣል። ካርዱ ላይ የሰው ስም የለም፤ የቤት ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር የማን ቤት እንደሆነ የተጻፈው በጥሩብርሃን ደብተር ላይ ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ፍቅሬ ልንገራችሁ። ፍቅሬ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነው፤ ጣቶቹ ሁልጊዜ ቀለም ናቸው፤ ለስላሳ ሰው፣ ለእኔ ጠባይ ትንሽ የበዛ ለስላሳ። ጥሩብርሃንን ይወዳታል፣ ትወደዋለች። በሃምሳ ሰባት፣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት፣ ሽማግሌ ላከ። የሁለቱም ቤተሰብ ዘራቸው ከሸዋ፣ ከአንድ አካባቢ ነው፤ ጥድ ማርያም የምትባል አጥቢያ። እንግዲህ በእነሱ ወግ ከቀለበት በፊት ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻ የለም።

ቆጣሪዋ የባሻ እናት እማሆይ ወለተጻድቅ ነበሩ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው መነኩሴ ናቸው፤ የአገሩን ሰው ዘር ከነቅርንጫፉ ያውቃሉ። ለዚሁ ጉዳይ ተብለው ከገጠር መጡ። ሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠው፣ ደረታቸውን እየነኩ፣ «ጥሩብርሃንን ሀብተማርያም ወለደ፤ ሀብተማርያምን እኔ ወለድኩ» ብለው ጀመሩና ወደ ላይ ወጡ። የፍቅሬም አጎት በበኩሉ ቆጠረ። ስድስተኛው ላይ እንደሻው የሚባል ሰው ላይ ተገናኙ። እንደሻው ሁለት ሚስት ነበረው፤ አንዱ ዘር ከአንደኛዋ፣ ሌላው ከሁለተኛዋ ይወርዳል። አንዲት ቤት ጎደለች። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ፍቅሬ የባሻን ጉልበት ስሞ ወጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይቆርጥና ሌላ ያገባል። እነዚህ ግን አላገቡም። እሑድ እሑድ ከቀራንዮ ቅዳሴ ሲወጡ ፌርማታው ጋ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመው ያወራሉ። አውቶቡስ ይመጣል፣ አይሳፈሩም፤ ሌላ ይመጣል፣ ከዚያ አንዱ ይሄዳል። ሰው «ማነው?» ሲላት «ዘመዴ ነው» ትላለች። ይኼን ስትል እኔ ፊቷን ማየት አልወድም ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነገር ፈለግኳት። «ጥሩ፣ የኛ ሃይማኖት እኮ ይሻላል፤ የአጎት ልጅ እንኳ ይፈቅዳል» አልኳት።

«ታዲያ አንተ የአጎትህን ልጅ ነው ያገባኸው?»

«ወላሂ አይደለም፤ የአጎቴን ልጆች አላየሻቸውም።»

ሳቀች። ከዚያ ዞር አለችና የሂሳብ መኪናዋን አጸዳች፤ ቁጥሮቹን ሁሉ ወደ ዜሮ መለሰች። «ከኔ እስከ እንደሻው ስድስት እርምጃ ነው» አለች። «ከእንደሻው እስከ ፍቅሬ ስድስት። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ግማሹ ይቀራል።» እጀታውን አሥራ ሁለት ጊዜ አዞረች፣ በየመሀሉ ሁለት ሁለት እያለች። መስኮቶቹ ላይ የወጣው ቁጥር አራት ሺህ ዘጠና ስድስት ነበር። «ከአራት ሺህ ዘጠና ስድስት አንድ» አለች። «እኔና ፍቅሬ የምንካፈለው ይኼን ያህል ነው። በዶክተሩ ሂሳብ ግን እንደ ጥድ ማርያም ባለ አጥቢያ ውስጥ ማንም ሁለት ሰው በጭፍን ብታነሣ ከዚህ የበለጠ ይዛመዳል።»

«እና ሽማግሌዎቹን ጥሪና ንገሪያቸው።»

«ሽማግሌ ቤት ነው የሚቆጥረው እንጂ እጀታ አያዞርም» አለችና ምሳዋን ቋጠረች። ሳትበላው ነበር። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው፤ የስንቱን ሰው ዝምድና በቀን በቀን ስታሰላ ትውልና ማታ ባዶ ቤት ትገባለች።

ዶክተሩ ሰው ከቦታው ያልተነቃነቀበት አንድ አጥቢያ ከላይ እስከ ታች ማጥናት ፈለገ። ጥድ ማርያምን የጠቆመችው ራሷ ጥሩብርሃን ናት። ሕዝቡ ደሙን ለባዕድ አይሰጥም፤ ለእሷ ብሎ ግን ሰጠ። በፈረንጅኛ የነበረውን መጠይቅ ወደ አማርኛ የመለሰችውም እሷ ናት። «ይህ ልጅ የማን ነው?» ይላል ጥያቄው። እኔም አንብቤዋለሁ፣ ምንም ጉድለት አልታየኝም። ሕዝቡ እንዳይፈራ ባሻ አብረውን ሄደው በአደባባይ ክንዳቸውን ዘረጉ። ቀጥለው እማሆይ ዘረጉ። «ምን ያደርግላችኋል?» አሉን እማሆይ። «ይኼ ያረጀ ደም ነው፤ የፈለጋችሁት ሁሉ ከኔ ወጥቶ አልቋል።» እነሱን ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ቤት ብላ መዘገበቻቸው።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ የጥድ ማርያም ካርድ በሙሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገባ። ከሦስት መቶ አርባ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኙን አልቀበልም አለ። የልጁ ደም ከወላጆቹ ሊመጣ የማይችል ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ብልቃጦቹ ሳጥኑ ውስጥ ተደባልቀው ይሆናል አለኝ፤ መንገድ ላይ ወድቀው ያለ ቦታቸው መልሰሃቸው ይሆናል አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። እኔ ግን በላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ ጡጫዬን አሳረፍኩበት። ያ ሳጥን ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። «ከአሥራ ዘጠኙ አንዱን ቤት ምረጡና ደሙ እንደገና ይቀዳ» አልኩ። «ልዩነት ካለ አባርሩኝ። ከሌለ ይቅርታ እፈልጋለሁ።»

ጥሩብርሃን ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየች። ደብተሯን ከፍታ ዘጋች። ዶክተሩ ቅርብ ያለው ቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቃት። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት» አለች። «የኛ ቤት ነው። እማሆይም ለዐይናቸው ሕክምና መጥተው እኛ ጋ ናቸው።» እኔ በንዴቴ ምንም አልታየኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በአንድ ቀን ነፃ እወጣለሁ።

በማግስቱ ደም የሚቀዳልንን የሕክምና ረዳት፣ ድሬሰሩን፣ ይዤ ሄድኩ። ከእማሆይ አንድ ብልቃጥ፣ ከባሻ አንድ ብልቃጥ። የእናትየውን በግራ ኪሴ፣ የልጅየውን በቀኝ ኪሴ አድርጌ፣ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ አደረስኩ። ውጤቱ ከበፊቱ ጋር አንድ ሆነ፤ እማሆይ ኦ፣ ባሻ ኤቢ። «ይኸው» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው፣ አብደላ አደባላቂ አይደለም።» ዶክተሩ እጄን ጨበጠኝ። ዞር ስል ጥሩብርሃን ወንበሯ ላይ የለችም። ከቤቱ ጓሮ ቆማ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወስዳል» አለች። «ኤቢ የሆነ ሰው ከእናቱ ወይ ኤ ወይ ቢ ማግኘት አለበት። ኦ የሆነች እናት ኤም የላት፣ ቢም የላት። የምትሰጠው የላትም።» ቀና ብላ አየችኝ። «አብደላ፣ አባቴን እማሆይ አልወለዱትም።»

ከዚያ ስለ ጡት ልጅ ነገረችኝ። በአገራቸው ልጅ ያልወለደች ሴት የዘመድ ወይም የባዕድ ሕፃን ትወስዳለች፤ ሽማግሌ ፊት ጡቷን ታጠባዋለች፣ ባልየው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ያጠባዋል፣ ይማማላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ልጇ ነው። «አሳደግኩት» አይባልም፣ «ወለድኩት» ነው። መሐላውን ያነሣ ሰው የተረገመ ነው። እኛ ደግሞ በየቤቱ እየዞርን «ይህ ልጅ የማን ነው?» አልን፤ እናቶቹም «የኔ» አሉ። አልዋሹም። ከአሥራ ዘጠኙ ቤት የሚበዙትን በልጅነቷ በሹክሹክታ ሰምታቸዋለች። የራሷን ብቻ ነው ያልሰማችው።

እኔ ቀስ ብሎ የሚገባኝ ሰው ነኝ፤ ሲገባኝ ግን አፌን መያዝ አልችልም። «ጥሩ» አልኩ፣ «ከፍቅሬ ጋር የምትገናኙት በእማሆይ በኩል አይደል?»

«በእማሆይ በኩል ነው» አለች። «አራት ሺህ ዘጠና ስድስት አልነበረም። ዜሮ ነው።»

ሦስት ዓመት በከንቱ። በፌርማታ ላይ ሩብ ሩብ ሰዓት። እኔ ነኝ ይኼን ያወጣሁባት፣ ለብልቃጥ ክብር ብዬ። ግን ደግሞ ነገሩ ጥሩ ዜና መሰለኝ፤ አሁን ማን ይከለክላቸዋል ብዬ አሰብኩ።

በዚያው እሑድ ባሻንና እሷን ከቀራንዮ ስመልሳቸው መኪናውን መንገድ ዳር አቁም አለችኝ። ልወርድ ስል «ተቀመጥ» አለች። «አባባ» አለች፣ «የእማሆይ የጡት ልጅ መሆንዎን ያውቁ ነበር?»

ባሻ ፊታቸውን ወደ ፊት ለፊቱ መስታወት አዞሩ። «ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ» አሉ።

«ሽማግሌዎቹ ሲቆጥሩስ?»

«አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሷ ግን ደረቷን ነክታ ‹ሀብተማርያምን እኔ ወለድኩ› ስትል ዐይኗ እኔ ላይ ነበር። እየዋሸች አይደለም። እውነቷን ነው። በሰው ፊት ‹አልወለድሽኝም› ልበላት?» ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ሰውዬ ሲያለቅስ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። «አንቺን ጎዳሁሽ። አውቃለሁ። አሁንም በል ካልሽኝ ሽማግሌዎቹን ጠርቼ እናገራለሁ። እሷም ትስማ። ቃሉ ያንቺ ነው።»

እንግዲህ ይታያችሁ፤ የሃያ ስምንት ዓመት ልጅ ሕይወቷን በእጇ ሰጧት፣ የሌላውንም ሰው ሕይወት ጨምረው። እሷ «ይሁን፣ አስብበታለሁ» ብቻ ነው ያለችው።

ሳምንቱን ሙሉ የሂሳብ መኪናዋ ድምፅ አልተሰማም። በዚህ መሀል ዶክተሩ ሌላ ነገር አመጣ። ብልቃጥ ካልተደባለቀ ስህተቱ ቤቶቹ ውስጥ ነው ብሎ፣ አስተርጓሚ ይዞ ጥድ ማርያም ሊመለስ ተነሣ። አሥራ ዘጠኙን እናቶች አንድ በአንድ «እውነት ይህን ልጅ አንቺ ወልደሽዋል?» ብሎ ሊጠይቅ። ክፋት የለበትም፤ ለሱ የሂሳብ ጉዳይ ነው።

አርብ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥሩብርሃን መኪናውን ወደማጥብበት መጣች። «አብደላ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው» አለች። «አደባልቄያለሁ በል።»

«ምን?»

«ከጥድ ማርያም ስንመለስ ሳጥኑ ወድቆ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ቤት ተደባልቆብኛል በል። የኛውን ቤት ሳመጣም እንዳልያዝ ብልቃጡን ለውጫለሁ በል። እኔ ካርዶቹን አወጣቸዋለሁ፤ ሂሳቡ ያለ እነሱም ይሞላል።»

ባልዲውን ወረወርኩት። ያልተናገርኩት ነገር የለም። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቀፍኩትን ሳጥን ጠራሁ። እሷ ጠብቃ ጠብቃ ስጨርስ «ትናንት ማታ አባቴ እማሆይን እግራቸውን ሲያጥብ አየሁ» አለች። «በባኞ ውስጥ፣ ሞቅ ባለ ውሃ፣ እንደ ሕፃን እግር። እማሆይ ራሱን እየዳበሱ ‹ምጥህ ከባድ ነበር፣ ሁለት ቀን አማጥኩህ› ይሉታል። አብደላ፣ ምጡን ያስታውሱታል። ያላማጡትን ምጥ።»

«ፍቅሬስ?» አልኩ። «ለሱ ብቻ ንገሪው። ማዘጋጃ ቤት ሂዳችሁ ተፈራረሙ።»

«ፍቅሬ ያለ ሽማግሌ ቃል እርምጃ አይራመድም። ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ያ የፈሪ ልጅ። ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬም እንዲሁ ነው የማስበው።

«እማሆይ መቼም ዘላለም አይኖሩም» አልኳት።

«የሰው ሞት አልጠብቅም» አለች።

ሰኞ ዶክተሩ ፊት ቀርቤ ሳጥኑ ወድቆብኝ ነበር፣ አፍሬ ደበቅኩ አልኩ። ወረቀት አምጥቶ አስፈረመኝ። አዘነብኝ፤ አላባረረኝም። ሳጥኑን ግን ወሰደብኝና ለድሬሰሩ ሰጠው። ከዚያ በኋላ እኔ መሪ ብቻ የምይዝ ሆንኩ። ጥሩብርሃን አሥራ ዘጠኙን ካርድ ለቅማ፣ እያንዳንዱ ላይ በቀይ ቀለም «ስህተት» ብላ ጽፋ፣ የተጣለ ካርድ የሚጠራቀምበት ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መጨረሻ ላይ ነበረች። ለፍቅሬ ምንም አልነገረችውም። ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ፍቅሬ በስድሳ አንድ ጥር ላይ አገባ። የጎጃም ልጅ ናት፤ አንድም ቤት አይገናኙም። ጥሩብርሃን በዘመድነቷ ተጠራች። ያደረስኳት እኔ ነኝ። ነጭ ለብሳ ከዘመዶቹ ጋር ተቀመጠች፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ከዘመዶቹ ጋር እልል አለች፣ በዘመድ ወግ ጉንጩን ሳመችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳይ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ፌርማታው ላይ ሳልፍ ብቻዋን ቆማ አያት ነበር። መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ትሳፈራለች።

እማሆይ እኔ ከፈረምኩ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። በስድሳ ሦስት ክረምት መግቢያ ላይ ታመው ጥድ ማርያም ተኙ፤ ባሻንና ጥሩብርሃንን ወሰድኳቸው። ባሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእናታቸውን እጅ ይዘዋል። እኔ ደጁ ላይ ነኝ፣ በሩ ክፍት ነው። እማሆይ ዐይናቸው ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ጥሩብርሃንን በእጃቸው ዳብሰው ጣቷን ፈተሹ። ቀለበት ፈልገው ነው።

«አላገባሽም እንዴ ልጄ?»

«አልቀናኝም፣ እማሆይ።»

«ያ ፊደል ለቃሚው ልጅ፣ ፍቅሬ፣ መልካም ልጅ ነበር» አሉ እማሆይ። «ምን ያደርጋል፣ ዘመድ ሆነብሽ።»

ባሻ አንገታቸውን ደፉ። ጥሩብርሃን የእማሆይን እጅ ወደ ከንፈሯ ወስዳ ሳመች።

«አዎ፣ እማሆይ» አለች። «ዘመድ ሆነብኝ።»

ባሻ እናታቸው ጋ ቀሩ፤ እኔና እሷ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ዕንባዬን በክንዴ እየጠረግኩ ነዳሁ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ አቁምልኝ አለች። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ፣ «አብደላ፣ በል እንግዲህ፤ ዛሬ እኔም እንዳንተ ፈረምኩ» አለችኝ። ከዚያ ወረደችና ወደ ኮልፌ በእግሯ ሄደች።